የአሸዋት ዱር መንገዶች

ኅዳር 5 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ብቸና

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የኔ ግን እየታወቀኝ ነው ያመለጠው።

ከሰዓት በኋላ አዳራሽ ተሰበሰብን። የመንደር ምሥረታው ኃላፊ ጓድ ቀለሙ ግድግዳው ላይ ካርታ ሰቅሎ፣ በአሸዋት ወንዝ ዳር ተበታትኖ የሚኖረው ገበሬ እስከ ፋሲካ ላይኛው ሜዳ ላይ ቤት ሠርቶ እንደሚገባ አስረዳን። እሺ ይግባ፤ ምሰሶውና ማገሩ ከየት ይመጣል? ቀይ እርሳስ አንሥቶ የወንዙን ዱር ዙሪያውን ከበበና «ከዚህ» አለ። እንደ ዋዛ ነው ያላት። ሾላው፣ ዋንዛው፣ ዶቅማው፣ ጉሬዛው ሳይቀር ቀዩ ክብ ውስጥ ገባ።

እጄን አወጣሁ። «ጓድ ሰብሳቢ፣ አሸዋት በየክረምቱ ከቦታው ይወጣል። ጉልበቱን የሚሰብረው ዱሩ ነው። ዱሩ ካለቀ ውሃውን ማን ይይዘዋል?» አልኩ። ጓድ ቀለሙ ፈገግ ብሎ «የስፖርት መምህርቷ ስለ ኳስ ብትጠይቀን እንመልስላት ነበር» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ያልሳቀው የእርሻው መሥሪያ ቤት የደን ባለሙያ ፈረደ ብቻ ነው፤ እሱም ጫማውን ነበር የሚያየው።

ስለ ኳስ ይሁንልህ። እናያለን።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ወደ አሸዋት ወረድኩ። እግሬን ለማፍታታት ነው።

በክረምት ወንዙ ዱሩ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። በጥቅምት ሲወጣ መንገድ የሚባል ነገር አይተውም፤ ሁሉንም ደለል ያለብሰዋል፣ ግንዱን ከወገብ በታች ጭቃ ይቀባዋል። ስለዚህ የዚያ አገር ሰው በየዓመቱ መንገዱን እንደ አዲስ ይከፍታል። አከፋፈቱም ደንብ አለው። የሚከፍተው ሰው መግቢያው ላይ ቆሞ የመጀመሪያዋን ቅርንጫፍ ይቆርጥና ለማን እንደሚከፍተው ስም ይጠራል። የተጠራው የሞተ ከሆነ የቆመው ሰው «ይለፍበት» ብሎ ይመልሳል። በሕይወት ያለ፣ ግን ከአገር የራቀ ከሆነ «ይመለስበት» ይላል። ስም ያልተጠራበትን መንገድ ማንም አይሄድበትም። የጅብ መንገድ ነው የሚሉት።

ወይዘሮ ይርጋነሽ፣ ዱሩ ጫፍ ላይ ቤት ያላቸው ባልቴት፣ ማጭዳቸውን ይዘው ጎንበስ ብለው አገኘኋቸው።

«አንች ልጅ፣ ዘንድሮም ባዶ እጅሽን መጣሽ?» አሉኝ።

«ምን ልያዝ፣ እማ ይርጋ?»

«ማጭድ ነዋ።»

«እኔ ለመንሸራሸር ነው የመጣሁት።»

«እንግዲያ ተንሸራሸሪ» ብለው ወደ ሥራቸው ጎነበሱ። ቤታቸው ይፈርሳል ተብሎ ተነግሯቸዋል። ዛሬም መንገዳቸውን ያጸዳሉ።

የወንዙ መታጠፊያ ላይ ካለው ዶቅማ ሥር ትንሽ ተቀምጬ ተመለስኩ። ጥላው ጥሩ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ወደዚያ የሚያደርስ የተከፈተ መንገድ የለም። እኔ ግን በየት እንደሚገባ አውቃለሁ።

ኅዳር 11

ፈረደ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀኝ። ችግኝ ሊያይ እንደመጣ ነገረኝ። ችግኙ ያለው ከተማው ማዶ ነው።

«የጠየቅሽው ትክክል ነበር» አለኝ።

«ታዲያ እዚያው አዳራሹ ውስጥ አትለውም ነበር?»

«እንጀራዬ ነው፣ መምህርት አየሁሽ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ መመሪያ አለ። ከሕዝብ መንገድ ግራና ቀኝ አንድ የመለኪያ ገመድ ድረስ ዛፍ አይቆረጥም፤ አፈሩ እንዳይታጠብ ነው። ከላይ የወረደ ስለሆነ ቀለሙም አይሽረውም።»

«ዱሩ ውስጥ አሁን የሕዝብ መንገድ አለ?»

«ውሃው ጠርጎት የታለና?»

እሱ እኔን አየኝ፣ እኔ ዱሩን አሰብኩ።

«እኔ ምንም አልነገርኩሽም» አለ።

«እኔም ምንም አልሰማሁም።»

ዛሬ እንቅልፍ የለም። ብዙ መንገድ ቢከፈትስ? አንዱ ከሌላው አንድ ገመድ እየራቀ? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ አይደል?

ኅዳር 15

«የእግር ጉዞ ለጤና፣ ለምርትና ለአብዮቱ» ብዬ ርእስ ሰጠሁት። ሰፊው ሕዝብ ከተማሪው ጋር በአሸዋት ዱር ውስጥ የእግር ጉዞ መንገዶችን ይከፍታል፣ በየሳምንቱም ይጓዝባቸዋል፤ የብዙኃን ስፖርት ይስፋፋል። ጓድ ቀለሙ ፊት ቆሜ አነበብኩለት። ደስ አለው። ለበላይ የሚልከው ሪፖርት ውስጥ የስፖርቱ ክፍል ባዶ እንደሆነ ሰምቼ ነበር።

«እንዲህ ስትሠሪ ነው የምትወደጂው» አለኝ።

ውደደኝ ያለው የለም። ማኅተሙን ግን መታልኝ። በሩን እስክወጣ ፊቴን ኮስተር አድርጌ ቆየሁ።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ደክሞኛል፤ ግን ልጻፈው።

ተማሪዎቹ እየዘመሩ ወረዱ። ገበሬው ማጭዱንና መጥረቢያውን ይዞ ጠበቀን። የሚመጣው ጥቂት ሰው ነው ብዬ ነበር፤ ቀበሌው ሁሉ ነው የወጣው። ማንም ለምን እንደሆነ አልነገራቸውም። መጠየቅም አላስፈለጋቸው።

መጀመሪያ ወይዘሮ ይርጋነሽ ቅርንጫፋቸውን ቆርጠው «የባለቤቴ የውበቴ መንገድ» አሉ። «ይለፍበት» አልን። ቀጥሎ አንድ ጎልማሳ ኤርትራ ለዘመተ ልጁ ከፈተ። «ይመለስበት» አልን። ከእሱ በኋላ የወታደር እናቶች ተከታተሉ፤ አሥመራ ያለ፣ ከረን ያለ፣ የት እንዳለ የማይታወቅ። «ይመለስበት» እያልን ጉሮሯችን ደረቀ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ራሱ ዙሪያውን አየት አድርጎ ለልጁ አንድ ከፈተ። ቀጥ ብሎ ሊሄድ ሲል «ትንሽ ጠመዝመዝ ይበል፣ ለጤና ጥሩ ነው» አልኩት። ገብቶታል መሰለኝ፣ እንደ እባብ አጠማዘዘው።

አንዲት ሴትዮ «ያንችስ የማን ነው?» አለችኝ።

«እኔ ፊሽካ ነፊ ነኝ» አልኳት።

ወደ መታጠፊያው ልጆች ሊገቡ ሲሉ ፊሽካ ነፍቼ መለስኳቸው። እባብ አለ አልኩ። ለአንዱ መታጠፊያ ምን አስጨነቀኝ? ዱሩ ሰፊ ነው።

ኅዳር 29

ሁለት ጉዞ፣ ብዙ አዲስ መንገድ። እግሬ አብጧል። ደብረ ወርቅ ድረስ ወሬው ሄዷል አሉ። ፈረደ ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ ሲዞር አየሁት፤ አላናገረኝም፣ ግን እየሳቀ ነበር። ሲስቅ ያምርበታል። ይህን መጻፌ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ታኅሣሥ 5፣ ሞጣ

ትናንት በአውቶቡስ መጣሁ። እናቴ ወለተ ሐና ከስታለች። በልቻለሁ ትላለች፣ አትበላም።

ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሁለት ጎረቤቶች ከኋላችን ሲያወሩ ሰማሁ። «ልቅሶ ሳይቀመጡ ስንት ዓመት? ነፍሱስ አታርፍ» አለች አንዷ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ እርምጃዋን እንኳ አልቀየረችም። ዝም አይነቅዝም ትላለች ሁልጊዜ። እኔ ግን ዞሬ «ማን ሞተ ተብላችሁ ነው?» አልኳቸው። ሁለቱም መሬት መሬት አዩ።

ምሳ ላይ «ዱሩን ልትቆርጡት ነው አሉ» አለች እናቴ።

«እኛ አይደለንም። እነሱ ናቸው።»

«ያችኛዋን መንገድ ዘንድሮ ከፈትሽለት?»

«እማዬ፣ ያ ነገር እንደማይነሣ ታውቂያለሽ።»

ሳህኑን ከፊቴ አነሣች። ገና አልጨረስኩም ነበር።

ስለ ወንድሜ ነው የጠየቀችኝ። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ ደብተር ይፈተሻል። እሷም ከወጣ ወዲህ ስሙን አፏ ላይ አላመጣችም። «ያ ልጅ» ነው የምትለው።

ታኅሣሥ 13

ተነቃ።

ጠዋት የመምህራን ክፍል ልገባ ስል «ዱሩን እኮ በመንገድ እንደ ሰፌድ ሰፋችው፣ ለመጥረቢያ ቦታ አልተወችም» ሲሉ ሰማሁ። ስገባ ሁሉም ደብተር ወደ ማረም ዞሩ። ከሰዓት በኋላ ቢሮ ተጠራሁ። ጓድ ቀለሙ አልተቀመጠም።

«ይህ የሕዝብ መንገድ ነው ወይስ የተንኮል?»

«ሕዝብ ይሄድበታል፣ ጓድ። ማኅተሙም የርስዎ ነው።»

«በእኔ ማኅተም ልትጫወቺ?»

«ለበላይ አካል ሪፖርት ልከውበት የለም እንዴ? ተመስግነው እንደነበር ሰምቻለሁ።»

ፊቱ ቀላ። ሊሰርዘው አይችልም፤ ምስጋናውን አብሮ መሰረዝ ይሆንበታል። «ዱሩን በፈረደ ገመድ አስለካዋለሁ» አለ። «አንዲት ያልተሸፈነች ቦታ ካገኘሁ መጀመሪያ የምቆርጠው እዚያ ነው። ስለ አንቺም እናስብበታለን።»

አስቡ። ማሰብ መቼ ጎዳ? ስወጣ በሩን ትቼ ቁምሣጥኑን የከፈትኩት ስለቸኮልኩ ነው።

ታኅሣሥ 20

ፈረደ መጣ። በዚህ ጊዜ ችግኝም አላለ።

ከዳር እስከ ዳር ለክቷል። ዱሩ በሙሉ ተሸፍኗል፤ ከአንድ ቦታ በቀር።

«መታጠፊያው» አለኝ። «ትልቁ ዶቅማ ያለበት። ከሁሉ በላይ እዚያ ነው መንገድ ማለፍ የነበረበት፣ አየሁሽ። ውሃው የሚመታው እዚያ ነው፤ የዚያ ዶቅማ ሥር ነው ዳሩን የያዘው። እሱ ከተነቀለ የቀረው ዱር ለሁለት ክረምት አይቆይም። እንዴት ዘለልሽው?»

«እባብ አለ።»

«እዚያ እባብ የለም» አለ በቀስታ። «አንቺ ስትቀመጪ አይቼሻለሁ።»

ሂድልኝ አልኩት። ሄደ። ሻዩን እንኳ አልጠጣውም ነበር።

ታኅሣሥ 21፣ ሌሊት

መጻፍ ካለብኝ ዛሬ ነው። ደብተሩም ይፈተሽ ከፈለገ።

1970 ሚያዝያ። ልጆች ከየቤታቸው የሚወሰዱበት ጊዜ። ወንድሜ ብቸና ከእኔ ጋር ተቀምጦ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይማር ነበር። ስሙ ተይዟል የሚል ሰው መጣ። ገና ሳይነጋ ይዤው ወደ አሸዋት ወረድኩ። ዱሩን እኔ ነበርኩ የማውቀው፤ ከፊት ሆኜ ቅርንጫፍ እየገፋሁ መታጠፊያው ድረስ አደረስኩት። ዶቅማው ጋ ስንደርስ «እዚህ ይብቃሽ» አለኝ። ጫማውን አውልቆ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ውሃውን ተሻገረ። ማዶ ሆኖ እጁን አነሣ። ይኸው ነው። ሞተ ያለኝ የለም። አለ ያለኝም የለም። ስሙን በአደባባይ መጥራት ያኔ ራስን ማስያዝ ነበር፤ በኋላ ደግሞ ልማድ ሆነ።

በየዓመቱ ሰው ሁሉ መንገድ ሲከፍት እኔ አልከፈትኩም። ለምን ብባል ፈራሁ እላለሁ፤ መፍራቱ እውነት ነው። ግን ሌላም አለ። ብከፍተው ስሙን ልጥራ ነው። ስሙን ብጠራ ሰው ይመልሳል። ይለፍበት ይላሉ ወይስ ይመለስበት? ይህን ከሰው አፍ ለመስማት አልፈለግኩም። ስለዚህ ቦታውን ለራሴ ደበቅሁት። ለወታደር እናት ሁሉ ፊሽካ ስነፋ የከረምኩ፣ ለራሴ ስሆን ሰሰትኩ። ለሰው ሁሉ የተነጠፈው መንገድ ዶቅማውን ብቻ ራቁቱን ተወው። ቀለሙ አይደለም ያገኘው፤ እኔ ነኝ ያሳየሁት።

ተናድጃለሁ። በእሱም በራሴም። የፈሩት ይደርሳል ማለት እንዲህ ነው።

ታኅሣሥ 24

ማጭድ ገዝቼ ለብቻዬ ወረድኩ። ከላይኛው መንገድ እስከ ዶቅማው፣ ከዶቅማው ዞሮ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ጠረግኩት። እጄ ተላጠ። ስም አልጠራሁም፤ ብቻዬን ቆሜ ለማን ልጥራው?

አባ ገብረ ክርስቶስ፣ የወንዙ ዳር ሚካኤል አስተዳዳሪ፣ በዚያ ሲያልፉ አዩኝ። መግቢያው ላይ ቆሙ እንጂ አልገቡም።

«ለማን ነው፣ ልጄ?»

«ለዱሩ ነው፣ አባ።»

«ዱር ስም አይደለም» አሉና በነባሩ መንገድ ዞረው ሄዱ። ከእሳቸው በኋላ የመጡት ሁለት ሴቶችም እንደዚያው።

ማታ ፈረደ የቀለሙን መልስ ነገረኝ። የአንዲት ሴት እግር የረገጠው የሕዝብ መንገድ አይባልም፤ ሕዝብ ሲሄድበት እናያለን ብሏል። ሕዝቡ ደግሞ በጅብ መንገድ አይሄድም። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ እኔ ነኝ መሐል ላይ የቀረሁት።

ጥር 1

ገናው አለፈ። ዛሬ የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ። ከጥር 15 ጀምሮ ሞጣ። «በሥራው አስፈላጊነት» ይላል። እናቴ ያለችው ሞጣ ነው፤ ቅጣት ብለው ከናፍቆቴ አጠገብ ላኩኝ። ደስ ብሎኛል። በጣም ደስ ብሎኛል። ምሳ መብላት አልቻልኩም እንጂ።

የዶቅማው ቆረጣ በጥር 12 ይጀመራል ተባለ። ቃና ዘገሊላ፣ ያውም የሚካኤል ዕለት። ገበሬው በዓሉን እንደማይሽር ስለሚያውቅ ጓድ ቀለሙ ከከተማ ወጣቶች ያመጣል። ሆን ብሎ ነው። እልኩን ሊያሳየን ነው።

እልህ የሱ ብቻ መሰለው?

ጥር 6

አባ ገብረ ክርስቶስ ዘንድ ሄድኩ። ዙሪያ ጥምጥም አላልኩም።

«አባ፣ ታቦት በሄደበት አይመለስም። የሚካኤል ታቦት በ12 ሲመለስ በየት ነው የሚሄደው?»

«እንደ ወትሮው፣ በላይኛው።»

«በመታጠፊያው ይሂድልኝ።»

እሳቸውም ይፈራሉ፤ ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ ተጠርተው ተጠይቀዋል። «ያችን መንገድ አውቃታለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ያን ጠዋት ኪዳን ልናደርስ ስንወርድ ሁለታችሁንም አይተናችኋል። ተናግሬ አላውቅም።»

ይህን ሁሉ ዓመት የኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«ታቦት ስም በሌለው መንገድ አይገባም» አሉኝ። «በሕዝብ ፊት ስሙን ከጠራሽ እገባለሁ። ካልጠራሽ በላይኛው እሄዳለሁ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አንችም እኔም እንቀበላለን።»

እጠራለሁ ብዬ ቃል አልገባሁላቸውም።

ጥር 10፣ ከተራ

ታቦቱ ወረደ። አሸዋው ሜዳ ላይ ድንኳን። ሰው እንደ ጉድ ነው። ከመርጡለ ማርያም ሁሉ የመጣ አለ። ወጣቶቹም መጡ፣ መጥረቢያቸውን ከመኪና ሲያወርዱ አየሁ። ስሙን በልቤ ደጋገምኩት። ድምፅ አውጥቼ ሞከርኩት፣ አንድ ጊዜ፣ ማንም በሌለበት። የሰው ስም መሰለ።

ጥር 11

ሌላው ታቦት ሁሉ ተመለሰ። ሚካኤል ብቻ አደረ። ወይዘሮ ይርጋነሽ አጠገቤ ተቀምጠው ነጠላቸውን አለበሱኝ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ። ነገ ነው።

ጥር 12፣ ማታ

በቀስታ ልጽፈው።

ከንጋት ጀምሮ የመጥረቢያ ድምፅ ይሰማ ነበር። ከመታጠፊያው ዳር አንድ ዋንዛ ወደቀ። ሕዝቡ ሰማ፣ ከበሮውም ለጊዜው ቆመ። ከቅዳሴ በኋላ ታቦቱ ተነሣ። መንገዱ የሚለይበት ቦታ ሲደርስ አባ ገብረ ክርስቶስ ቆሙ። መስቀላቸውን ይዘው ዞረው እኔን አዩኝ። እሳቸው ሲቆሙ ታቦቱ ቆመ፣ ታቦቱ ሲቆም ያ ሁሉ ሕዝብ ቆመ።

ማጭዴን ይዤ ወጣሁ። መግቢያው ላይ አንዲት የአጋም ቅርንጫፍ ትቼ ነበር። ቆረጥኳት። አሾኳ ወጋኝ። ድምፄ አልወጣ አለኝ፤ ፊሽካ የምነፋ ሴትዮ ድምፅ አጣሁ። ጓድ ቀለሙ ከዶቅማው ሥር፣ መጥረቢያ ከያዙት ጋር ቆሞ በዛፎቹ መሐል ያየኛል። እሱን ሳይ ድምፄ መጣ።

«የወንድሜ የፋንታ መንገድ!»

ይኸው ጻፍኩት። ፋንታ። ፋንታ። ፋንታ።

ምን ብሎ እንደሚመልስ የሚያውቅ የለም። ሞቷል ያለ የለ፣ አለ ያለ የለ። ያን ያህል ሰው መሬት መሬት ሲያይ ዓይኔን ጨፈንኩ። የፈራሁት ይህንኑ ነበር። ከዚያ ከኋላዬ የአንዲት አሮጊት ድምፅ መጣ። ወይዘሮ ይርጋነሽ ናቸው። ቤታቸው ሊፈርስ ያለው፣ ለባላቸው «ይለፍበት» ያስባሉት ሴት።

«ይመለስበት» አሉ።

ከዚያ ሁሉም አሉት። የወታደር እናቶች ከሁሉ በላይ ጮክ ብለው አሉት። የቀበሌው ሊቀ መንበርም ሲል አይቼዋለሁ፣ ነገ ይካደው እንጂ። እልልታው ቀለጠ፣ ከበሮው ተመታ፣ አባ ገብረ ክርስቶስ ገቡ፣ ታቦቱ ገባ። እኔ ከፊት ሆኜ ቅርንጫፍ እየገፋሁ ሄድኩ፣ እንደ ያን ጊዜው።

ዶቅማው ጋ ስንደርስ ወጣቶቹ መጥረቢያቸውን መሬት ጥለው ተንበረከኩ። ጓድ ቀለሙ አልተንበረከከም፣ ኮፍያውንም አላወለቀም። ከመንገዱ ግን ወጣ። መውጣት ነበረበት፣ ሕዝቡ እየመጣ ነው። ሕዝቡ አልፎ እስኪያልቅ ግንዱን ተደግፎ ቆየ፤ ያን ጊዜ ፈረደ ገመዱን ከትከሻው አወረደ። አንዱን ጫፍ መንገዱ ላይ ረግጦ ሌላውን ዘረጋው። ገመዱ ከዶቅማው አልፎ ሄደ።

«ጓድ ቀለሙ» አለ፣ ሁሉም እየሰማ። «የሕዝብ መንገድ ነው። ከዚህ ወዲህ አይቆረጥም።»

ጫማውን አላየም። ቀና ብሎ ነው የተናገረው። ይህ ሰው እንዲህ ቁመተ ረጅም እንደሆነ እስከ ዛሬ ልብ አላልኩም ነበር።

ጥር 14

ዕቃዬን አሰርኩ። ብዙ አይደለም። ካድሬዎቹ ጠርተው ጠይቀውኝ ነበር፣ ግማሽ ቀን። ወንድምሽ የት ነው አሉኝ። «እናንተ ንገሩኝ» አልኳቸው። ለቀቁኝ። ፈረደ ደመወዙን ተቀጣ። አልተጸጸትኩም ብሎኛል፤ ሲለው ግን ጫማውን አየት አደረገ።

ጥር 21፣ ሞጣ

ፈረደ መጣ። ሞጣ ችግኝ ሊያይ ነው። ችግኝ ጣቢያ መኖሩን እኔ አላውቅም፣ እናቴም አታውቅም፤ እሷ ግን ወንበሩን በነጠላዋ ጠርጋ አስቀመጠችው።

ወሬ ይዟል። የመንደሩ ሥራ አልቆመም፤ ወይዘሮ ይርጋነሽ ሜዳው ላይ ይገባሉ፣ እንጨቱም ከሌላ ቦታ ይመጣል። ዱሩ ግን ቆሟል። ጓድ ቀለሙ ለእንጨት ቆራጮቹ ወሰኑን ሲያሳይ በየት ብለው እንደጠየቁት ነገረን። መንገዱ ሌላ መጠሪያ የለውም። «ከፋንታ መንገድ ወዲያ» ብሏቸዋል፣ በገዛ አፉ። አሁን አናጢውም፣ ሹፌሩም፣ ተማሪውም እንደዚያ ይሉታል።

እናቴ የያዘችውን አስቀመጠች።

«ካድሬው ስሙን ጠራው?»

«ጠሩት፣ እናቴ» አላት ፈረደ።

ወደ እኔ ዞረች። «አንችስ ስትጠሪው ሰው ምን ብሎ መለሰልሽ?»

ከመጣሁ ጀምሮ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። እሷም ለመጠየቅ ስትፈራ ነበር፤ አሁን ገባኝ።

«ይመለስበት አሉ።»

ተነሥታ በሩን ከፈተች። ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር፣ ጎረቤቶች ደጅ ተቀምጠዋል፤ ልቅሶ ለምን አትቀመጥም የሚሉት ሁለቱም አሉ። እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ፣ ልጅ ሳለን ለራት እንደምትጠራን፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ወደ መንገዱ ተጣራች።

«ፋንታ!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ፣ እኔም ጠራሁት።